ፊቱ ቢቆረጥም ሰውየውን አውቀነዋል

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣
ለፎቶ ክፍሉና ለአርታኢዎቹም ጭምር

ስለ ውፍረት የተጻፈ ዘገባ ሲወጣ አብሮት የሚወጣውን ፎቶ አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። ከጀርባ የተነሣ ነው። ከትከሻ በላይ የለም፣ ከጉልበት በታችም የለም፤ መሀል ላይ የቀረው ሆድና ዳሌ ብቻ ነው። ቦታው አንዳንዴ የጣና ዳር የዘንባባ መንገድ፣ አንዳንዴ የቅዳሜ ገበያ መግቢያ፣ አንዳንዴም ከውጭ ድረ ገጽ የተወሰደ የማናውቀው ጎዳና ነው። ከሥሩ «ከመጠን ያለፈ ውፍረት ለልብ ሕመም ያጋልጣል» የሚል መስመር ይቀመጣል። ጽሑፉ ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ ሐኪም ጠይቋል፣ ቁጥር ጠቅሷል። እኛን ብዕር ያስነሣን ጽሑፉ የገነባውን ፎቶው አንድ በአንድ ማፍረሱ ነው።

ፊት የሚቆረጠው ለሰውየው ክብር ተብሎ፣ ማንነቱ እንዳይታወቅ እንደሆነ እንረዳለን። ባሕር ዳር ላይ ግን ይህ አይሠራም። ሰው እዚህ የሚታወቀው በአረማመዱ፣ በጋቢ አደራረቡ፣ በያዘው ዘንቢል፣ ባጃጅ በሚጠብቅበት ጥግ ነው። ጎረቤቱ፣ ዕድርተኛው፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረባው በአንድ እይታ ይለዩታል። «ሰውነት» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ነገር ይይዛል፤ አካልንም፣ ሰው መሆንንም። ፎቶው የመጀመሪያውን አስቀርቶ ሁለተኛውን ቆርጦ ጥሎታል።

ይህ ዓይነቱ ፎቶ የእኛ አገር ፈጠራ አይደለም። እንግሊዛዊቷ ጸሐፊ ሻርሎት ኩፐር እ.ኤ.አ. በ2007 «ራስ የሌላቸው ወፍራሞች» ብላ ስም አውጥታለታለች። በ2011 በወቅቱ በዬል ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበረው፣ የምግብ ፖሊሲንና ውፍረትን የሚያጠናው የራድ ማዕከል ተመራማሪዎች ትልልቅ የዜና ድረ ገጾች ላይ የወጡ ፎቶዎችን አንድ በአንድ መርምረው ነበር። ወፍራም ሰው ከሚታይባቸው ፎቶዎች 72 በመቶው ሰውየውን የሚያዋርዱ ሆነው ተገኙ፤ ራስ የሌላቸው፣ ሆድ ላይ ብቻ ያነጣጠሩ፣ ሲበላ ወይም ተዘርፍጦ ሲቀመጥ የሚያሳዩ። በዚያው ዓመት ሌላ ሙከራ ሠሩ። ዘገባው ሳይቀየር ፎቶው ብቻ እየተቀየረ ለአንባቢዎች ተሰጠ። አዋራጁን ፎቶ ያዩት ሰዎች ለወፍራም ሰዎች ያላቸው አመለካከት ደህናውን ፎቶ ካዩት የከፋ ሆነ። ጽሑፉ አንድ ቃል አልተለወጠም። እንግዲህ አርታኢው ለሁለት ቀን የለፋበትን ዘገባ የፎቶ ክፍሉ በአንድ ደቂቃ ምርጫ ትርጉሙን ሊያዞርበት ይችላል ማለት ነው።

«ሰው ከደነገጠ ክብደቱን ይቀንሳል» የሚል ክርክር እንሰማለን። ይህም ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ሙከራ ለሴቶች የጋዜጣ ዘገባ አስነበበ፤ ለከፊሎቹ ወፍራም ሰዎች በሥራ ገበያ እንዴት እንደሚገፉ የሚያወሳ፣ ለቀሩት ስለ ሲጋራ አጫሾች ያንኑ የሚል። ከዚያ ከረሜላና ብስኩት በቀረበበት ክፍል አስቀመጧቸው። ራሳቸውን ወፍራም አድርገው የሚያዩት ሴቶች ስለ ውፍረት ያነበቡ ጊዜ ብዙ በሉ፤ «አበላሌን እቆጣጠራለሁ» የሚለው መተማመናቸውም ወረደ። በአሜሪካ ከ2006 እስከ 2010 ሰዎችን የተከታተለ ሌላ ጥናት ደግሞ መጀመሪያ ላይ ከውፍረት መጠን በታች ከነበሩት መካከል በክብደታቸው መገለል ደርሶብናል ያሉት፣ በኋላ ወደዚያ መጠን የመድረስ ዕድላቸው 2.5 እጥፍ ገደማ እንደሆነ አገኘ። እንዲህ ያለ የክትትል ጥናት ምክንያትንና ውጤትን በገመድ አስሮ አያቀርብም፤ ቢሆንም «ማሳፈር ይጠቅማል» ለሚለው ወገን አንዳች ድጋፍ አይሰጥም።

ሕጉን በተመለከተ፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቁጥር 28 ደግሞ በሩን በጥቂቱ ይከፍታል፤ ሰውየው የታወቀ ወይም የመንግሥት ሹም ሲሆን፣ ፍርድ ቤት ወይም ፖሊስ ሲያስፈልገው፣ ለሳይንስ፣ ለባህልና ለትምህርት ጥቅም ሲውል፣ እንዲሁም በአደባባይ ከተፈጸመ ወይም ሕዝብን ከሚመለከት ሁነት ጋር ሲያያዝ። ፎቶ አንሺዎች የሚደገፉት በዚህ በመጨረሻው ነው፤ «መንገድ ላይ ነው ያነሣኋት» ይላሉ። በጥምቀት ታቦት አጅቦ የሚሄደውን ሕዝብ ማንሣት አንድ ነገር ነው። ከዚያ ሕዝብ መሀል አንዲትን ሴት ለይቶ፣ ከስድስት ወር በኋላ የበሽታ ምሳሌ ማድረግ ሌላ ነው። ሁነቱ ጥምቀት እንጂ የእሷ ዳሌ አልነበረም።

ፈቃድ መጠየቅ ራሱ ሙያ ነው። «ለጋዜጣ ነው፣ አንድ ላንሣዎት?» ፈቃድ አይባልም፤ ሰውየው ስለ ጣና እምቦጭ የሚዘገብ መስሎት እሺ ሊል ይችላል። አራት ነገር ይነገረው፦ ዘገባው ስለ ውፍረት መሆኑ፣ ፎቶው ከነፊቱ መውጣቱ፣ ከጋዜጣው ሌላ በፌስቡክና በቴሌግራም ገጻችሁ መታየቱ፣ እስከ ማተሚያ ሰዓት ሐሳቡን መቀየር መቻሉና የሚደውልበት ስልክ። ሦስተኛው ዋናው ነው። በጋዜጣ ገጽ ላይ ፎቶና ጽሑፍ አብረው ይኖራሉ፤ ፌስቡክ ላይ ግን ፎቶው ከጽሑፉ ተለይቶ ብቻውን ይዞራል፣ ቀልድ ይጻፍበታል፣ ሰው እየጠቀሰ «አንተን መሰለኝ» ይባባልበታል። አስተያየት መስጫውን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚከታተል ሰው ከሌላችሁ ዝጉት። «ይህን ሁሉ ብናገር ማን እሺ ይለኛል?» የሚል ፎቶ አንሺ ይኖራል። እሺ የሚል ካጣ፣ ሳይነግር ቢያነሣ ኖሮ ሰውየውን ምን ሊያደርገው እንደነበር ያ እምቢታ ራሱ ይነግረዋል።

ሕፃናት ግን በፈቃድም ቢሆን ይቅሩ። ወላጅ ቢስማማም፣ ፊት ቢደበዝዝም፣ የደንብ ልብሱ ትምህርት ቤቱን ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣለትን ቅጽል ስም ያ ልጅ እስከ ማትሪክ ተሸክሞት ይሄዳል።

ወደ ካሜራው እንምጣ፤ ፈቃድ የሰጠ ሰውም በአነሣስ ይዋረዳልና። ሰፊ ሌንስ ለካሜራው የቀረበውን ነገር ከልኩ በላይ ያገዝፋል። ካሜራው ወገብ ላይ ሆኖ ከቅርብ ከተነሣ የሚገዝፈው ሆድ ነው፣ ራስ ያንሳል። የስልክ ዋና ካሜራም ሰፊ ሌንስ ስለሆነ በአንድ ክንድ ርቀት ተጠግቶ ማንሣት ያንኑ ያመጣል። ሁለት ሦስት ሜትር ወደ ኋላ ማለት፣ ከ50 እስከ 85 ሚሊ ሜትር ባለው ሌንስ ወይም በስልኩ ሁለት እጥፍ ማቅረቢያ መጠቀም፣ ካሜራውን በሰውየው ዐይን ወይም ደረት ከፍታ መያዝ፤ ይኸው ነው። ዝቅተኛ የፕላስቲክ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ማንም ይሁን ማን ሆዱ ይታጠፋል፤ ቆሞ ወይም ሥራው ላይ ሆኖ ይነሣ። ሲያኝክ አይነሣ። ልብስ ስፌት መኪናው ላይ ያለ ልብስ ሰፊ፣ ሰሌዳ ፊት የቆመች መምህርት፣ ብስክሌቱን ይዞ ከሐይቁ ዳር የሚያወጋ ሰው በሙሉ ቁመናቸው፣ ከነፊታቸው ሲታዩ አንባቢው ስለ ጤና የሚነገረውን ለመስማት ጆሮ ይኖረዋል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ በዚያው አቀማመጥ፣ በዚያው ማዕዘን ቀጭን ሰው ቢሆን ኖሮ ፎቶውን ታትሙት ነበር? የማታትሙት ከነበረ ይህንንም አታትሙት።

ከሁሉ የከፋው ጥፋት ሲነሣ ሳይሆን ከማኅደር ሲወጣ ነው የሚፈጸመው። የዘይት ዋጋ ሲንር ወረፋ ላይ የተነሣ ፎቶ «ውፍረት» የሚል ስም ወዳለው ፎልደር ይገባል። የጤና ዘገባ በመጣ ቁጥር ያው ፎልደር ይከፈታል፣ ያው ሰው ይወጣል። ሰውየው በመሀሉ ሊከሳ፣ ሊታመም፣ ሊሞትም ይችላል። ከዚህ ለመውጣት ከእያንዳንዱ ፎቶ ጋር ማን እንዳነሣው፣ መቼና ለየትኛው ዘገባ እንደተነሣ፣ ሰውየው ምን ለምን ጉዳይ እንደፈቀደ፣ ፈቃዱ እስከ መቼ እንደሚጸና በአጭሩ መመዝገብ ይበቃል። ይህ የሌለውን ከፎልደሩ አውጡት። የዓለም የውፍረት ፌዴሬሽን ሚዲያዎች የሚጠቀሙበት የተመረጠ የፎቶ ስብስብ አለው፤ በጎ ነገር ነው፣ ግን ነጠላ የለበሰችና ከባጃጅ የምትወርድ እናት እዚያ መፈለግ ልፋት ነው። ጋዜጣችሁ ፈቃድ የሰጡ የከተማውን ሰዎች ይዞ በሁለት ቀን ሠላሳ ፎቶ ቢያዘጋጅ ለሌሎች የአማርኛ ጋዜጦችም ይተርፋል።

አሁን ስለ ቃል። «ወፍራም» በአማርኛ ስድብ አይደለም። «ወፈርሽ፣ ተመቸሽ» ዛሬም በብዙ ቤት የምስጋና ሰላምታ ነው፤ «ከሳህ» ነው የሚያስደነግጠው። ጋዜጣ ላይ ግን ቅጽሉ ብቻውን ተነጥሎ ስም ይሆናል፤ «ወፍራሞች ለስኳር ተጋለጡ» ይባላል፣ ሰው ይጠፋል። «ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለባቸው ሰዎች» ረዘም ይላል፣ ርዕስ ላይ ቦታ ይበላል፤ እናውቃለን። በርዕስ ላይ ሰውን ትቶ ነገሩን ማስቀደም ይቻላል፦ «ውፍረትና የስኳር በሽታ፦ የሚያገናኛቸው ምንድን ነው?» «ድብልብል»፣ «ዝርጥርጥ»፣ «ቦርጫም» የሚሉት በመዝናኛ ገጽም ቢሆን ቦታ የላቸውም። «የሰባ» ለሰንጋ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የምንፈራው «ሆዳም»ን ነው። በቋንቋችን ሆዳም ብዙ የሚበላ ብቻ አይደለም፤ ለጥቅሙ ያደረ፣ ወገኑን የሸጠም ነው። ካርቱኒስቶቻችን ጉቦኛ ሹም ሲሥሉ ቀበቶው ሊበጠስ የደረሰ ቦርጭ የሚጨምሩት ከዚህ ተነሥተው ነው። ሥዕሉ ስለ ጉቦ ነው፤ ሳያስበው የሚያስተምረው ግን ቦርጭ ያለው ሁሉ የሰው በልቶ እንደወፈረ ነው። በባዶ ሆዱ ሙስና የሚሠራ ቀጭን ሹም መቼም ሞልቷል። (ያው ቋንቋ «ሆደ ሰፊ» ሲል ደግሞ ታጋሹን ያመሰግናል፤ ካርቱኒስት ይህን ቢያስብበት ደስ ይለናል።)

የአማርኛ ጋዜጠኝነት ቃል መቀየር እንደማያቅተው አሳይቷል። «ቆማጣ» ቀርቶ «የሥጋ ደዌ ተጠቂ»፣ «ዕውር» ቀርቶ «ዐይነ ስውር» ተብሏል። በኤች አይ ቪ ዘመን «የኤድስ በሽተኛ» የሚለው ተነሥቶ «ቫይረሱ በደማቸው ያለ ወገኖቻችን» የሚለው የገባው ራሱን ችሎ አልነበረም፤ በዜና ክፍሎች ተወስኖ፣ ተለምዶ ነው። በዚያን ጊዜ መንገድ ላይ የሚጠረጠረው የከሳው ሰው ነበር። አካልን አይቶ በሽታን፣ በሽታን አይቶ ጠባይን መፍረድ ያኔ ምን እንዳደረሰ ለዚህ ጋዜጣ ማስታወስ አያሻም።

«ሌላው እየተራበ» የሚለው አቀራረብም ይታረም። እርግጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 46 በመቶው መቀንጨራቸውን አሳይቷል፤ ከክልሎች ሁሉ የከፋው ነበር። ይህን ከወፍራም ሰው ፎቶ ጎን ማድረግ ግን ረሃብን የወፍራሙ ሰው ዕዳ ያስመስላል። ሁለቱ በሥጋም ይገናኛሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ በ1944/45 ክረምት፣ ሆላንድ ተርባ ነበር። ያኔ እናቶቻቸው በእርግዝናው የመጀመሪያ አጋማሽ የተራቡ ወንዶች በ19 ዓመታቸው ለውትድርና ሲመረመሩ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ከሌሎቹ ይልቅ በእነሱ ላይ በዛ። ረሃብ ያለፈበት አካባቢ ስለ ውፍረት ሲያወራ ይህን ቢያውቅ ይበጀዋል።

ከቁጥር አንፃር ደጋግመን የምናየው ስሕተት ሁለት መጠን መቀላቀል ነው። ቢኤምአይ ክብደትን በኪሎ ግራም ወስዶ፣ በሜትር ለተለካ ቁመት ሁለት ጊዜ ማካፈል ነው። 1.65 ሜትር ቁመትና 75 ኪሎ ያላት ሴት፦ 75 ለ1.65 ሲካፈል 45.45፣ እንደገና ለ1.65 ሲካፈል 27.5 ይሆናል። ከ25 ጀምሮ «ከመጠን ያለፈ ክብደት»፣ ከ30 ጀምሮ «ከመጠን ያለፈ ውፍረት» ይባላል፤ ይህች ሴት የመጀመሪያው ውስጥ ናት። ከላይ ያነሣነው ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ኢትዮጵያውያን ሴቶች 8 በመቶው 25 እና ከዚያ በላይ እንደሆኑ ሲናገር፣ ሁለቱን አንድ ላይ ደምሮ ነው። «8 በመቶው ከልክ በላይ ወፍረዋል» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው፤ 22 በመቶዎቹ ከ18.5 በታች፣ ማለትም ቀጫጮች መሆናቸውን ሳይጠቅሱ ማለፍ ደግሞ ግማሽ ወሬ ነው።

ቢኤምአይ የሕዝብን አዝማሚያ ለማየት ይረዳል፤ የአንድን ሰው ጤና ብቻውን አይናገርም። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 «ላንሴት» የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን ያቀረበው አከፋፈል የአካል ክፍሎችን ሥራ ያወከ ውፍረትን፣ ገና ካላወከው ለይቶ ይመለከታል፤ ከቢኤምአይ ሌላ የወገብ ልክም ይጠይቃል። የወገብ ልክ የሚወሰደው በእምብርት ግምት ሳይሆን በመጨረሻው የጎን አጥንትና በዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል፣ ሜትሩ ከወለሉ ጋር ትይዩ ሆኖ፣ ሰውየው አየር እንደልማዱ ካስወጣ በኋላ ነው። መቀነትና ጋቢ ይወልቃሉ። ለሴት ከ80፣ ለወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ስጋቱ ይጨምራል። ሐይቁ ዳር «ይመዘኑ» የሚሉት ልጆች ሚዛን ኮብልስቶን ላይ ስለሚቀመጥ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ሚዛን ደረቅና ልሙጥ ወለል ይፈልጋል። ልጆቹ ለዕለት ጉርሳቸው ይሥሩ፤ ዘጋቢ ግን ከእነሱ ሚዛን ቁጥር አይውሰድ፣ ሚዛን ላይ የወጣን ሰውም ከኋላው አያንሣ።

«ስጋቱ በእጥፍ ይጨምራል» የሚል ርዕስ ስታዩ «ከስንት ወደ ስንት?» ብላችሁ ጠይቁ። ለምሳሌ ከ1,000 ሰው 2 የነበረው 4 ቢሆን እጥፍ ነው፤ 200 የነበረው 400 ቢሆንም እጥፍ ነው። አንባቢ የሚያስፈልገው እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ናቸው።

የምክንያት ነገር ሰፊ ነው፤ በአንድ ዘገባ ሁሉም አይነገርም። ዘገባዎቻችን ግን «ስንፍናና ሆድ» ላይ ይቆማሉ። የመንታዎችና የቤተሰብ ጥናቶች በሰዎች መካከል ካለው የክብደት ልዩነት ከ40 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ከዘር ውርስ ጋር ያያይዙታል። እንደ ፕሬድኒሶሎን፣ ኢንሱሊን፣ ኦላንዛፒንና ቫልፕሮዬት ያሉ መድኃኒቶች ክብደት ይጨምራሉ፤ የሦስት ወሩ የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌም በአንዳንድ ሴቶች ላይ እንዲሁ። (ይህን የምትጽፉ ከሆነ «ሐኪም ሳያማክሩ አያቋርጡ» የሚለውን ከዚያው አንቀጽ አትለዩት።) የከሳ አካል ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ረሃብ ይጨምራል፣ ሲያርፍ የሚያቃጥለው ኃይል ይቀንሳል፣ ወደ ነበረበት ለመመለስ ይታገላል። መልሶ የወፈረን ሰው «ደካማ» የሚል ዘገባ ይህን የማያውቅ ነው። ከነበረ ክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ብቻ የደም ግፊትንና ስኳርን ያሻሽላል፤ «በ7 ቀን ቦርጭ ደህና ሰንብት» ከሚለው ይልቅ ይህ ዜና ነው።

ምግቡን በፎቶ ለማሳየት ከሆነ በርገሩን ተዉት። የባሕር ዳር ሰው ትርፍ ኃይል በብዛት የሚያገኘው በርገር ቤት አይደለም። 60 ሚሊ ሊትር የምትይዝ አንዲት ጭልፋ ዘይት ወደ 500 ኪሎ ካሎሪ አላት፤ ቆረሶ አሳ በጥልቅ ዘይት ሲጠበስ፣ የጾም ወጥ «እንዲጣፍጥ» ሲታሰብ ስንት ጭልፋ እንደሚገባ የወጥ ቤት ሰው ይንገራችሁ። 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ 30 ግራም ገደማ ስኳር ይይዛል። ጭልፋና ጠርሙስ ያለ ማንም ፈቃድ ይነሣሉ፣ ማንንም አያሳፍሩም።

ማስታወቂያ ክፍሉንም አትርሱት። ስለ ውፍረት የተጻፈ ጥሩ ዘገባ ከጎኑ «ቦርጭ ማጥፊያ ሻይ» ሲለጠፍበት ገንዘቡ ዘገባውን ይሽረዋል። ክብደት ለመቀነስ ይሰጥ የነበረው ሲቡትራሚን የተባለ መድኃኒት በልብና ደም ሥር ጉዳት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል፤ ከዚያ ወዲህ «ተፈጥሯዊ» በተባሉ ማክሻዎች ውስጥ ተደብቆ በላቦራቶሪ ደጋግሞ ተገኝቷል። አስነጋሪው ከኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያገኘውን ምዝገባ ካላሳየ ማስታወቂያው ይመለስ።

የመጨረሻው ጉዳይ የዜና ጥቆማ ነው። ነፃ የደም ግፊት ምርመራ በተዘጋጀ ቁጥር ዘጋቢ ትልካላችሁ። የሚቀጥለው ሲሄድ ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን ጨርቅ ይይ። መደበኛው የአዋቂ ጨርቅ ዙሪያው ከ27 እስከ 34 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ክንድ ነው፤ ከ35 እስከ 44 ለሆነው ትልቁ ያስፈልጋል። ጨርቁ ከጠበበ መሣሪያው ግፊቱን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ያነባል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት ትልቁ ጨርቅ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በመደበኛው ሲለኩ የላይኛው ቁጥር በአማካይ ወደ 5፣ ከትልቁም የሚበልጠው የሚያስፈልጋቸው ደግሞ ወደ 20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ከፍ ብሎ እንደሚነበብ አሳይቷል። በሌለበት በሽታ መድኃኒት የሚታዘዝለት፣ «ውፍረትህ ነው» ተብሎ የሚሸኘው ሰው ለዚህ የሚዳረገው በጠባቡ ጨርቅ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ዘጋቢው አዘጋጆቹን «ትልቁ ጨርቅ ስንት አላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ።

የዓለም የውፍረት ቀን የካቲት 25 ነው፤ ለዚያ ዕለት ገጽ ፎቶ መፈለጋችሁ አይቀርም። ሁለቱን ጨርቆች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ፣ ከአጠገባቸው ሜትር ዘርግታችሁ፣ ከላይ አንሡት። ከሥሩ ልካቸውን ጻፉ።

ከአክብሮት ጋር፣
በሥነ ምግብና በኅብረተሰብ ጤና ሙያ የተሰማራን ነዋሪዎች
ባሕር ዳር